ስለ ኒውትራልና ስለ መሬት ሽቦ፤ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ታሪክ በዓለም ከተማ አንጻር ሲታይ

የአገራችን ሕዝብ ኤሌክትሪክን የሚጠራው በመጀመሪያ ሥራው ስም ነው። ኃይል ሲቋረጥ «መብራት ጠፋ» ይላል፤ የቆመው ምጣድ ወይም ሬዲዮ ቢሆንም አነጋገሩ አይለወጥም። ድርጅቱንም እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ብሎ ይጠራዋል። ይህ አጠራር ታሪክ ያዘለ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የምንሞክረው ጉዳይ፣ ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን በመብራትነት መግባቱ በቤቶቻችን የሽቦ አዘረጋግ ላይ ምን እንደ ተወ፣ በተለይም ከትልቁ ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት በሚሄደው መስመር ላይ በሚተከለው ሁለተኛ ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ ለምን ተለያይተው መኖር እንደሚገባቸው ነው። በምሳሌነት የመረጥነው የመርሐቤቴዋን ዓለም ከተማን ነው።

እንደሚታወቀው፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተተከለ፤ ተግባሩም ቤተ መንግሥቱን ማብራት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በስሙ ውስጥ «መብራት» ከ«ኃይል» መቅደሙን አንባቢ ያስተውል። በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ጣቢያ 43.2 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሥራ ጀመረ። ከትልቁ መስመር የራቁ ብዙ ከተሞች ግን ለረጅም ዓመታት የሚበሩት በየራሳቸው የናፍጣ ሞተር ነበር። ባለሥልጣኑ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ ኮርፖሬሽኑም በ2006 ዓ.ም. ኃይል በሚያመነጨውና ለተጠቃሚው በሚያከፋፍለው ክፍል ለሁለት ተከፈለ።

እንግዲህ አምፖል ምን እንደሚያስፈልገው እንመልከት። አምፖል የሚፈልገው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። በአንደኛው፣ ማለትም በፌዙ፣ ኤሌክትሪክ ይመጣል፤ በሁለተኛው፣ ማለትም በኒውትራሉ፣ ይመለሳል። አምፖል ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል እንጂ ሰው አይነካውም፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሽቦ ሳይኖረው ብዙ ዘመን ያለ ጉዳት ሊያገለግል ይችላል። ምጣድ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ምጣድ የብረት አካል አለው፤ ጋጋሪዋ ሊጥ በነካ እርጥብ እጅ ትቀርበዋለች፤ ብዙ ጊዜም የምትቆመው በመሬት ወለል ላይ ነው። 3,500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ይህም 60 ዋት ካለው አምፖል ከ50 እጥፍ በላይ ነው። የመሬት ሽቦ፣ ባለሙያዎች ግራውንድ የሚሉት፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በደኅናው ቀን በእርሱ ምንም ኤሌክትሪክ አያልፍም፤ ፌዙ ተልጦ የብረቱን አካል በነካ ቀን ግን ኤሌክትሪኩን በሰው ፈንታ ተቀብሎ ይወስዳል።

ዓለም ከተማ ከጀማ ሸለቆ በላይ በአምባ ላይ የተቀመጠች የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ናት። በእርሷም ሆነ በሌሎች የሰሜን ሸዋ ከተሞች አንድ ግቢ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቤት ይይዛል። ቆጣሪው በትልቁ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ወደ ማድ ቤቱና ወደ ሚከራዩት ክፍሎች መስመር ይሳባል። ግቢው ሲያድግ በሰርቪስ ቤቱ ሌላ ማከፋፈያ ሳጥን ይተከላል። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ መጠቀሙ በአገራችን የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ የዚህ ሁለተኛ ሳጥን ጉዳይ የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ አይደለም።

የስሕተቱ ምንጭም እዚህ ላይ ነው። ኒውትራል በትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። የኃይል አቅራቢው ደንብ በሚፈቅድበት አገር፣ በቤቱ መግቢያ ባለው ዋና ሳጥንም ኒውትራልና የመሬት ሽቦ ይገናኛሉ። ይህን ያየ ሠራተኛ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ በሁለተኛው ሳጥንም ያገናኛቸዋል፤ ወይም ሽቦ ለመቆጠብ ሲል ሁለት ሽቦ ብቻ ስቦ የምጣዱን አካል ከኒውትራሉ ጋር ያስረዋል። አምፖሉ ይበራል፤ ምጣዱ ይግላል፤ ባለቤቱም ሒሳቡን ከፍሎ ያሰናብተዋል። የዚህ ስሕተት ክፋቱ ሥራውን የማያስተጓጉል መሆኑ ነው።

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛ፣ ሁለቱ በሁለተኛው ሳጥን ከተገናኙ፣ ተመላሹ ኤሌክትሪክ በኒውትራሉ ብቻ መመለሱ ቀርቶ በመሬት ሽቦውና ከእርሱ ጋር በተያያዘው ብረት ሁሉ ይከፋፈላል። በደኅናው ቀን ባዶ መሆን የሚገባው ሽቦ ዘወትር ጭነት ይሸከማል። በ30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ መፍሰስ የሚቆርጠው የጥንቃቄ ብሬከርም ቢኖር፣ ወይ ያለ ምክንያት ይቆርጣል፣ ወይም በሚያስፈልግበት ጊዜ ይሰንፋል። ሁለተኛውና የከፋው፣ በሁለት ሽቦ ብቻ በተሳበው መስመር ኒውትራሉ በመካከል የተበጠሰ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ከፌዙ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በአምፖሉ ወይም በምጣዱ ውስጥ አልፎ መመለሻ ያጣል፤ ከኒውትራሉ ጋር የታሰረውም የብረት አካል ሁሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ለጥበቃ የታሰረው ሽቦ ራሱ ገዳይ ይሆናል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን የሌሎችን ታሪክ እናስታውስ። በአሜሪካ ኒውትራል ከመሬት ጋር ይያያዝ ወይስ አይያያዝ የሚለው ክርክር ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በ1913 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ እስከ 150 ቮልት ያለው የቤቶች መስመር እንዲያያዝ አስገደደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግን መዳብ ለመቆጠብ ሲባል የኤሌክትሪክ ምድጃ አካል ከኒውትራል ጋር እንዲታሰር ተፈቀደ። ጦርነቱ አልፎ ፈቃዱ ቀረ፤ ለአዲስ ሥራ የተከለከለው በ1996 እ.ኤ.አ. ደንብ ነው። በጀርመንም «ኑሉንግ» የሚባለው አሠራር ኒውትራሉን ለመመለሻም ለጥበቃም ያውል ነበር፤ በምዕራብ ጀርመን በቀጫጭን ሽቦ ለሚሠራ አዲስ መስመር የተከለከለው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ፋተርሽቴተን የተባለችው የጀርመን ከተማ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ከተማ ወዳጅ ናት። በሁለቱም ከተሞች ስለ አሮጌ ቤት ግድግዳ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ማድረግ በየአገሩ የመጣው ካለማወቅ ብቻ ሳይሆን ከቁጠባም መሆኑን ነው።

አንዳንዶች በሰርቪስ ቤቱ አጠገብ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ መቅበር ይበቃል ይላሉ። ዳሩ ግን ሒሳቡ ይህን አይደግፍም። የዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን፣ በ220 ቮልት የሚያልፈው 11 አምፔር ብቻ ነው። የ16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይቆርጥም፤ የምጣዱም አካል አደገኛ እንደ ሆነ ይቆያል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ፣ ወይም ከሥሩ አለት ሲኖር፣ ተቃውሞው ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ ዘንጉ ብቻውን ሽቦውን አይተካም፤ ዘንግ ብቻ ባለበትም የ30 ሚሊአምፔሩ ብሬከር የግድ ነው።

በጠቅላላው ስንመለከተው ደንቡ አጭር ነው። ከትልቁ ቤት ወደ ሁለተኛው ሳጥን ፌዝ፣ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ ለየብቻቸው ይሂዱ። በሁለተኛው ሳጥን ኒውትራሎቹ ከሳጥኑ ብረት በተለየ ዘንግ ላይ ይሰብሰቡ፤ የመሬት ሽቦዎቹ ከሳጥኑ ብረት ጋር ይያያዙ። ሁለቱ የሚገናኙ ቢሆን የሚገናኙት በአንድ ሥፍራ፣ በመግቢያው ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚወስነው የአቅራቢው ደንብ እንጂ የሠራተኛው ፈቃድ አይደለም።

የቀረው ጥያቄ የሽቦ ሳይሆን የኑሮ ነው። በሰርቪስ ቤቱ ምጣድ ላይ የምትቆመው ብዙ ጊዜ ተከራይዋ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ሽቦውን የሚገዛው ግን የግቢው ባለቤት ነው። ዋጋውን የሚከፍለውና አደጋውን የሚቀበለው ሰው ሳይገናኙ እስከ ኖሩ ድረስ ሦስተኛው ሽቦ በፈቃድ ብቻ ይሳባል ብለን አናምንም። ስለዚህ አዲስ መስመር የሚመረመርበት ሥርዓት በቆጣሪው ላይ ሳያበቃ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ሳጥን ቢዘልቅ፣ ሕዝቡ «መብራት» ብሎ የተቀበለውን ኃይል ያለ ስጋት ሊጠቀምበት ይችላል ብለን እናስባለን።