የይፋት ቆላ መቃብሮችና የጎንቾ ወህኒ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ የደጋው ምድር ከእግሩ ሥር ያበቃል። የጣሊያን ወራሪ መንግሥት በዘመኑ ባስፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርዳም ከፍታ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወደሚደርስ ሞቃት ቆላ ይገባል። አብዛኛው መንገደኛ በሸዋ ሮቢት ምሳውን በልቶ፣ ማንጎና ሽንኩርት ሸምቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ የተራራውን ግርጌ የሚመለከት ሰው የኢትዮጵያን ታሪክ በሁለት ዓይነት ሐውልት ተጽፎ ያገኘዋል። እነዚህም መቃብርና ወህኒ ቤት ናቸው። መቃብር አንድ ሥልጣን ማንን ያከብር እንደ ነበረ ሲናገር፣ ወህኒ ቤት ደግሞ ማንን ይፈራ እንደ ነበረ ይመሰክራል። የይፋትን ታሪክ ለማወቅ ለሚሻ ሰው ሁለቱን አጣምሮ መመልከት ግድ ይሆንበታል።

እንደሚታወቀው ይፋት በመካከለኛው ዘመን ከዘይላ ወደብ ወደ መሀል አገር የሚወጣውን የንግድ መንገድ የያዘ የእስላም ሱልጣኔት ነበረ። ሥርወ መንግሥቱን የመሠረተው ዑመር ወላስማ ሲሆን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የቀድሞውን የሸዋ ሱልጣኔት አሸንፎ ግዛቱን አስፋፋ። ሱልጣኔቱ ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር አንድ ጊዜ በግብር፣ ሌላ ጊዜ በጦርነት ይገናኝ ነበር። አፄ ዓምደ ጽዮን በመጀመሪያ ሐቀዲንን፣ ቀጥሎም በ1332 እ.ኤ.አ. ገደማ ሰብረዲንን ድል ነሡ። ሰብረዲን በምርኮ ተይዞ ሲታሰር በስፍራው ወንድሙ ጀማልዲን ተሾመ። ከዚህ በኋላ የወላስማ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ከነገሥታቱ ጋር ተስማምቶ በይፋት ሲቀር፣ ሌላው ወገን ወደ ምሥራቅ ወርዶ ትግሉን ቀጠለ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሱልጣን ሳዓደዲን ዘይላ ላይ ሲገደል ልጆቹ ወደ የመን ሸሹ፤ ተመልሰውም በአዳል ምድር አዲስ መንግሥት አቆሙ።

በይፋት የቀረው ድንጋይ ነው። በቁልቁለቱ ወገብ ላይ ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳልና ራሳ ጉባ የሚባሉ የጥንት ከተሞች ፍርስራሾች ይገኛሉ። ኖራን አባ አዛይስና ሻምባር የተባሉት ፈረንሳውያን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጉት የአሰሳ ጉዞ ደርሰውበታል። ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ፍራንሷ ግዛቪዬ ፎቬል፣ ቤርትራን ኢርሽና አሜሊ ሸክሩን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ስፍራዎች ከዐሥር ዓመት በላይ አጥንተዋል። ለመሐንዲስ ዓይን የከተሞቹ አሠራር ልዩ ትምህርት አለው። ግንበኞቹ ተዳፋቱን በእርከን አስተካክለው፣ በድጋፍ ግንብ አጽንተው፣ ቤቶቻቸውንና መስጊዶቻቸውን በድንጋይ አንጸዋል። የኖራ መስጊድ ግድግዳ ከብዙ መቶ ዓመታት ዝናብና የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አሁንም በከፊል ቆሞ ይታያል። በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ያለ ብረትና ያለ ሲሚንቶ የተሠራ ግንብ ይህን ያህል መቆየቱ የግንበኛው ብልሃት ተራ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ከሁሉም የበለጠ ክብር ያለው ስፍራ በሪ ይፋት ነው። ተመራማሪዎቹ የሱልጣኔቱ ዋና ከተማ ይህ መሆኑን ያመለከቱ ሲሆን፣ የወላስማ ቤተሰብ የቀብር ስፍራም በዚሁ ይገኛል። በመቃብሮቹ ላይ የተቀረጹት የዐረብኛ ጽሑፎች የወላስማን ስም የሚጠሩና በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው። ስለ ይፋት ሱልጣኖች የሚናገሩት ሌሎች ምንጮች የነገሥታቱ ዜና መዋዕልና እንደ አልዑመሪና አልማቅሪዚ ያሉ የግብፅ ጸሐፊዎች መጻሕፍት ናቸው። አንደኛው ወገን የአሸናፊ ቃል ነው፤ ሌላው ደግሞ ከሩቅ የተሰማ ወሬ ነው። ይፋት ስለ ራሷ የምትናገረው በእነዚህ ድንጋዮች ላይ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ አንድ የመቃብር ድንጋይ ከስፍራው ሲነሣ የሚጠፋው ጌጥ አይደለም፤ የአንድ ምስክር ቃል ነው።

ከዚህ ወደ ደቡብ፣ ከአንኮበር በስተምሥራቅ ባለው ቆላ፣ የሸዋ ነገሥታት የመንግሥት እስረኞች የሚጠበቁበት ጎንቾ ይገኝ ነበር። በሸዋ ልማድ አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ወንድሞቹና ለዙፋን የሚያሠጉ ዘመዶቹ ታስረው ይቆዩ ነበር። ልማዱ ለአገሪቱ እንግዳ አልነበረም። ቀደም ሲል ግሼን አምባ፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ለዚሁ ተግባር ውለዋል። እስር ቤትን ዛሬም «ወህኒ» ብለን መጥራታችን የዚያ ተራራ ትዝታ ነው።

የጎንቾ ታሪክ የሚያስደንቀው በጠባቂው ማንነት ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የይፋት ገዥና የጎንቾ እስረኞች ኃላፊ ወላስማ መሐመድ የተባለ ሙስሊም መኰንን ነበር። ማዕረጉ የጥንቱ ሥርወ መንግሥት ስም መሆኑ ግልጽ ነው። አምስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የወላስማ ልጅ የክርስቲያን ንጉሥ እስረኛ ነበር፤ አሁን ደግሞ የወላስማ ስም የተሸከመ ሰው የክርስቲያን ንጉሥ ወንድሞችን በሰንሰለት ይጠብቃል። ይህም ነገሥታቱ ከገዛ ዘመዶቻቸው ይልቅ ለዙፋኑ ተወዳዳሪ ሊሆን በማይችለው በዚህ ሹም ይተማመኑ እንደ ነበር ያመለክታል። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ከአፋር ቆላ ተነሥቶ ፋሪ በደረሰ ጊዜ የተቀበለው ይኸው ወላስማ መሐመድ ነው። ሐሪስ በ1844 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ንጉሡ ታመው ሳለ እስረኞቹን መሳፍንት ከጎንቾ አስመጥተው እንደ ፈቱ፣ ለዚህም ምክንያቱ የእርሱ ልመና እንደ ነበረ ይተርካል። ሐሪስ ራሱን ከፍ አድርጎ መጻፍ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ ቃሉን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ የጎንቾን መኖርና የመሳፍንቱን መታሰር ግን በዘመኑ ሸዋን ያዩ ሌሎች ተጓዦችም ጽፈዋል።

ሌሎች አገሮች የቀድሞ ወህኒ ቤቶቻቸውን ለትምህርት አውለዋል። በደቡብ አፍሪካ የሮበን ደሴት እስር ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. ሙዚየም ሆኗል። በእኛ አገር በአዲስ አበባ የነበረው «ዓለም በቃኝ» ግን ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2012 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። በዚያ ግንብ ውስጥ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሠቃዩ አርበኞች፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተረሸኑ ሹማምንትና በቀይ ሽብር የታሰሩ ወጣቶች አልፈዋል። ሕንፃው የተከበረ ዓላማ ቢኖረውም፣ እስረኞቹ የተመለከቱትን ግድግዳ ልጆቻቸው ሊያዩት አይችሉም። ጎንቾም በር ላይ ትኬት የሚቆረጥበት ሙዚየም አይደለም። የሚጠብቀው የአካባቢው ሰው ትዝታና የጥቂት መጻሕፍት ገጽ ነው።

በሌላ በኩል ይህ ታሪክ ለይፋት ሕዝብ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ራሷ በዘመናችን በማረሚያ ቤቷ ስሟ የሚጠራ ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው በደረሰው ግጭትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ በዘለቀ ጊዜ ይህ ምድር አዲስ መቃብሮችን ቈፍሯል። ስለሆነም የጥንት መቃብር ሊያይ የመጣ እንግዳ፣ የሚያነጋግረው ሰው የቅርብ ሐዘን ያለበት ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ወደ ፍርስራሾቹ ከመሄዱ በፊት ለቀበሌውና ለአካባቢው ሽማግሌዎች ማስታወቅ፣ ከመንደሩ ሰው መሪ መያዝ፣ በመቃብር ላይ አለመራመድ፣ ጽሑፉን ለማጉላት በኖራ ወይም በከሰል አለመቀባት፣ ትንሽ ድንጋይ እንኳ ከቦታው አለማንሣት ይጠበቅበታል። ለአርጎባው ገበሬ ይህ ስፍራ የአባቶች ማረፊያ እንጂ የፍርስራሽ ክምር አይደለም።

የሙያ ባልደረቦች ኃላፊነት ከዚህም ይበልጣል። ቱሪስት ቢያጠፋ አንድ ድንጋይ ያጠፋል፤ መሐንዲስ በካርታ ላይ አንድ መሥመር ሲያሰምር ግን አንድ ከተማ ሊያጠፋ ይችላል። ለመንገድ የሚፈለገው ድንጋይ ብዙ ጊዜ በቅርብ ከተገኘ ክምር ይወሰዳል፤ በይፋት ቁልቁለት ደግሞ በቅርብ የተገኘ የተጠረበ ድንጋይ ሁሉ ያለ ምክንያት የተከመረ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ በማዕድን፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቍፋሮ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ቅርሱን ሳይነካ እንዲጠብቅ ደንግጓል። ሆኖም አዋጁ የሚሠራው ቅርሱ ቅርስ መሆኑን በስፍራው ያለው ሰው ካወቀ ብቻ ነው። የግሬደር ነጂው የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበትን ድንጋይ ከሌላው ለይቶ ካላየ፣ ተቈጣጣሪው መሐንዲስም የጥናት ካርታውን አስቀድሞ ካልጠየቀ፣ የሕጉ ቃል በወረቀት ላይ ይቀራል።

በመሆኑም በዚህ ቆላ ሥራ የሚጀምር መሐንዲስ ከአፈር ምርመራው ጋር ሊያከናውነው የሚገባ አንድ ቀላል ሥራ አለ። ይኸውም የድንጋይ ማውጫው ስፍራ ከመወሰኑ በፊት ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ተዳፋቱን በእግር ዞሮ ማየት ነው። የሚፈጀው አንድ ቀን ነው፤ ወጪውም የመሪው አበልና የሻይ ዋጋ ነው። ያ ቀን ከታለፈ ግን የፈረሰውን መቃብር መልሶ የሚገነባ በጀት ከየትም አይገኝም።