የአቬንቲኖ ኮረብታ አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ስፍራዎች

አቬንቲኖ ከሮም ሰባቱ ኮረብቶች በደቡብ በኩል የመጨረሻው ሲሆን፣ ምዕራባዊ ገደሉ ወደ ቲቤር ወንዝ ይወርዳል። በጥንት ዘመን ከከተማይቱ ቅዱስ ወሰን ውጭ ስለነበር፣ ተራው ሕዝብ ከመኳንንቱ ጋር ሲጣላ ወጥቶ የሚሰፍርበት ቦታ ነበር። ኋላ ግን ባለጸጎች መኖሪያቸውን አደረጉት። በ410 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጎቶች ሮምን ሲዘርፉ እነዚያ ቤቶች ክፉኛ ተጎዱ።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ጉብኝቱ የሚጀምረው አሁን በስፍራው በሌለ ነገር ነው። በኮረብታው ምሥራቃዊ ግርጌ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከ1937 ጀምሮ 24 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ሕንፃውም ቢሆን በፋሺስቱ መንግሥት የተጀመረው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ጣሊያን ሐውልቱን ለመመለስ በ1947ቱ የሰላም ውል ቃል ብትገባም፣ ቃሉ ሳይፈጸም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 ተመልሶ ቆመ።

ከዚያ ሽቅብ ሲወጣ የከተማው የጽጌረዳ አትክልት ይገኛል። ቦታው ከ1645 ጀምሮ የአይሁድ መቃብር ነበር። በ1934 አፅሙ ወደ ቬራኖ መካነ መቃብር ተዛወረ፤ በ1950 ጽጌረዳ ሲተከልበትም በአትክልቱ ውስጥ ያሉት መንገዶች የባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ቅርጽ እንዲይዙ ተደረገ። አበባው የሚፈካው በግንቦት ነው።

የኮረብታው ዋና ሀብት ሳንታ ሳቢና ናት። ጴጥሮስ የተባለ ከኢሊርያ የመጣ ቄስ ከ422 እስከ 432 ባለው ጊዜ አሠራት፤ ስሙም ከመግቢያው በላይ በሞዛይክ ተጽፎ ይነበባል። ውስጧን የሚሸከሙት 24 ዓምዶች ከቀደመ የሮማውያን ሕንፃ የመጡ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእንጨት በሯ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንጅ ጥድ ከተቀረጹት 28 ያህል ምስሎች 18ቱ ተርፈዋል፤ ከላይ በግራ ጥግ ያለው ትንሹ ምስል ከስቅለት ምስሎች እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1219 ቤተ ክርስቲያኑ ለቅዱስ ዶሚኒክ ማኅበር ተሰጠ። ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን ብርቱካን የተከለው ዶሚኒክ ነው የሚለው ትውፊት ከዚሁ ይነሣል። በአጠገቡ፣ የሳቬሊ ቤተሰብ ምሽግ በነበረበት ቦታ፣ በ1932 የተከፈተው የብርቱካን አትክልት ትውፊቱን ያስታውሳል። ከዳርቻው ቲቤርና የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ይታያሉ።

ቀጥሎ ያለው የቅዱስ አሌሲዮ ቤተ ክርስቲያን ነው። ታሪኩ ለኢትዮጵያ ምእመናን እንግዳ አይደለም፦ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ የመነነው፣ ኋላም ሳይታወቅ ተመልሶ በአባቱ ደጅ በለማኝነት የኖረው፣ በስንክሳር ገብረ ክርስቶስ መርዓዊ የሚባለው ነው። የኢትዮጵያው ገድል አባቱን የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ያደርገዋል፤ የሮማው ትውፊት ግን ቤቱን እዚሁ አቬንቲኖ ላይ ያኖረዋል፤ ከሥሩ ኖሮበታል የሚባለው የእንጨት ደረጃም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይታያል።

መንገዱ የሚደርሰው የማልታ ባላባቶች አደባባይ ነው። አደባባዩን በ1765 የነደፈው ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔሲ ነው፤ በሥዕል ኅትመት ይበልጥ የሚታወቀው ይህ ሰው በሕንፃነት የተወው ዋና ሥራ ይኸውና በግቢው ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ጎብኚ ተሰልፎ የሚጠብቀው ግን በበሩ ቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ በቁጥቋጦ መካከል የጴጥሮስን ጉልላት ለማየት ነው። ከሳንታ ሳቢና በር ፊት ሰልፍ አለመኖሩ ያስገርማል።

ከአደባባዩ ጥቂት እልፍ ብሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው የቤነዲክቲያን መነኮሳት የሳንታንሴልሞ ገዳም አለ። በካቶሊካውያን ዐቢይ ጾም መግቢያ ረቡዕ፣ እንደ ልማዱ፣ ሰልፉ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሳንታ ሳቢና ይሄዳል፤ የሮማው ጳጳስም አመድ የሚቀቡት እዚያ ነው።