ብርና ዶላር፦ የምንዛሪ ተመን ታሪክ ምን ያስተምራል?

ብዙ ሰው «ድሮ ዶላር በ2 ብር ነበር» ሲል የዚያን ዘመን ብልጽግና የመሰከረ ይመስለዋል። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሳብ በታሪክ ሲመዘን ጐደሎ መሆኑን ማስረዳት ነው። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ብር በ1937 ዓ.ም. ታውጆ የማርያ ቴሬዛን ብርና የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ሲተካ፥ ዋጋው በወርቅ ክብደት ተወሰነ። የአሜሪካን ዶላርም በወርቅ የተተመነ ስለ ነበረ፥ አንዱ ዶላር 2 ብር ከ48 ሣንቲም ያህል ሆነ። በ1956 ዓ.ም. የብሩ ወርቅ በጥቂቱ ተቀንሶ ተመኑ 2 ብር ከ50 ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ዶላር በ1964 ዓ.ም. ወደ 2 ብር ከ30፥ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 2 ብር ከ7 ሣንቲም ወረደ። ታዲያ ብሩ በረታ ማለት ነውን? አይደለም። አሜሪካ የዶላሯን ወርቅ ሁለት ጊዜ ስትቀንስ፥ ኢትዮጵያ የብሯን አልቀነሰችም። የተነቃነቀው ዶላር እንጂ ብር አልነበረም።

ይኸው ተመን መንግሥት ሲለወጥ፥ ጦርነትና ረኃብ ሲፈራረቁ እንኳ ሳይነካ ቈየ። ቡና ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ በዶላር 2 ብር ከ7 ሣንቲም ሲቀበል፥ በስውር ገበያ ግን ዶላር ከዚህ እጅግ ይወደድ ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ተመኑ በአንድ ጊዜ 5 ብር ተባለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅም፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዕለቱ ከ74 ብር አለፈ።

ስለዚህ ተመን ብቻውን ለአገር ብርታት ምስክር አይሆንም። ቍጥሩን ከመጥቀሳችን በፊት ማን እንደ ወሰነው፥ በዚያም ዋጋ ዶላር ያገኝ የነበረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።