ቅኝትና ኮርድ፤ የቀላል ዜማ መልክ በአጀብ ስለ መለወጡ

ዜማው ሳይነካ ከሥሩ የሚሰማው አጀብ ብቻ ቢለወጥ፥ ዘፈኑ ያው ነውን ወይስ ሌላ ሆኗል? ይህ ጥያቄ ለሙዚቃ ባለሞያ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሕዝብን ዘፈን ሰብስቦ የሚመረምር ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ክፍል መሰንቆው ወይም ክራሩ በአብዛኛው የዘፋኙን ዜማ ተከትሎ ይሄዳል እንጂ በኮርድ፥ ማለት ሦስት ወይም ከዚያ የበዙ ድምፆችን ባንድነት በማሰማት፥ አይደግፈውም። በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ግን በልዩ ልዩ ድምፅ ተከፋፍለው ስለሚዘፍኑ፥ ይህ አባባል ለመላው አገር አይሠራም። የዜማው ጠባይ የሚለየው በቅኝቱ ነው፤ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋራ አዲስ አበባ ገቡ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እኒሁ መምህር ነበሩ። እንዲህ ያለው መዝሙር ከመጀመሪያው ለባንድ ተብሎ የሚደረስ ነውና ችግር አላስነሣም። ችግሩ ጎልቶ የታየው የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን የአገሩን ዘፈን በ1948 ዓ.ም. ለተከፈተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ሲያቀናብሩ ነው።

ነገሩን በትዝታ እንመልከት። ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ በሚሉት አምስት ድምፆች ውስጥ በአውሮፓ ልማድ የተሟላ ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ ሁለት ብቻ ይገኛል፤ ይኸውም ዶ–ሚ–ሶልና ላ–ዶ–ሚ ነው። አውሮፓውያን ቀላል ዘፈን የሚያጅቡባቸው ፋ–ላ–ዶና ሶል–ሲ–ሬ፥ ከቅኝቱ ውጭ የሆኑትን ፋንና ሲን ያስገባሉ። ስለዚህ ዘፋኙ አንዳች ሳይለውጥ ዘፈኑ ወደ ማርሽ ጠባይ ያዘነብላል።

ደግሞም አንዱ ድምፅ ብዙ ማደሪያ አለው። ላ በላ–ዶ–ሚ ውስጥ መሠረት፥ በፋ–ላ–ዶ ውስጥ መካከለኛ፥ በሬ–ፋ–ላ ውስጥ የላይኛው ነው። አቀናባሪው ከሦስቱ አንዱን በመረጠ ቁጥር ያው ላ ሌላ ስሜት ይሰጣል። የአንድን ቀላል ዘፈን ስልት በኮርድ መለወጥ ማለትም ይኸው ነው።

በለንደንና በቦስተን የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ የተከተሉት መንገድ ሌላ ነው። ዜማውን በአምስቱ ድምፅ አጽንተው፥ ከሥሩ በ12ቱ ድምፆች የሚሠራውን የጃዝ ኮርድ አኖሩበት፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ኮርዱን በአራተኛ ርቀት ቢደረድሩት ሬ–ሶል–ዶ፥ ሚ–ላ–ሬና ላ–ሬ–ሶል ከትዝታ ሳይወጡ ይገኛሉ።

ከነዚህ መንገዶች አንዱን ብቻ ትክክለኛ ማለት አይገባም። ነገር ግን ክራር በጆሮ ይቃኛል፤ የፒያኖ ድምፅ ግን አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ዘፋኙ ከፒያኖ ጋራ ለመስማማት ድምፁን ሲያስተካክል፥ ሳይነካ ቀረ ያልነው ዜማ ራሱ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ስለዚህ ዘፈን የሚመዘግብ ተማሪ ግጥሙንና ዜማውን ብቻ ሳይሆን፥ በምን መሣሪያና በምን ኮርድ እንደ ታጀበም ይጻፍ። አለዚያ የኋላ ዘመን መርማሪ ከአያቶች የተወረሰውን ከአቀናባሪው ከመጣው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።