ልጆቻችን ቃል ከማን ተማሩ?



ቁጠባ የምንሰበስበው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ቀን ስለሆነ። እናቶች ቡናውን፣ ኮረሪማውን፣ ጎመኑን ሸጠው ወደ ጠረጴዛችን ይመጣሉ። ብዙዎቹ ልጅ አዝለዋል። እኛ የሂሳብ ክፍል ሠራተኞች ገንዘቡን በደብተር ስናሰፍር፣ የታዘለው ሕፃን በአጠገቡ የምታልፈውን ፍየል በዓይኑ ይከተላል። እናቱ ዘወር ትልና የፍየልን ስም ትነግረዋለች፤ እሱም እየተኮላተፈ ይደግመዋል።

የልጆችን ንግግር ያጠኑ ሰዎች የደረሱበትም ከዚህ አይርቅም። ሕፃን አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው የመጀመሪያ ቃሉን ይናገራል፤ ከዚያ በፊት ግን ብዙ ቃል ሰምቶ ተረድቷል። ቃል ቶሎ የሚይዘው፣ እሱ ራሱ እያየው ያለውን ነገር ትልቅ ሰው ሲጠራለት ነው። ካየው ነገር አስጥሎ ወደ ሌላ ነገር መጎተት ያን ያህል አይጠቅመውም። ታዲያ በአካባቢያችን ልጆች ቃል ሲማሩ የኖሩት እንዴት ነው? ትምህርት ቤት ሲመጣስ ምን ተለወጠ?

ከበረቱ እንጀምር። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሙርሲዎች ዘንድ እየተመላለሰ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሙርሲዎች ቀለምን የሚጠሩት በከብት መልክ ስም መሆኑን አሳይቷል። የጽሑፉ ርዕስ ራሱ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» የሚል ነው። በከብት ላይ የማይታይ ቀለም ስም ለማግኘት ያስቸግራል ማለት ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪም እንግዳ አይደለም፤ ዳማ፣ ዳልቻ፣ ቡላ የምንለው ከፈረስና ከከብት መልክ ጋር ነው። የአርብቶ አደር ልጅ ቀለምን ከሰሌዳ ላይ አልተማረም። ጥጃ እየጠበቀ፣ የአባቱን በሬ ከጎረቤት በሬ እየለየ ተማረ። የአሪ ሸክላ ሠሪ ልጅም የማሰሮውንና የምጣዱን ስም የሰማችው እናቷ ጎን ተቀምጣ ጭቃ እየነካች ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ገበያው ነበር። የኢትዮጵያ አራቱም የቋንቋ ወገኖች ደቡብ ኦሞ ውስጥ ይገናኛሉ። አሪኛ፣ ሐመርኛና ማሊኛ ከኦሞአዊ፣ የዳሰነች፣ የኤርቦሬና የፀማይ ቋንቋዎች ከኩሻዊ፣ የሙርሲ፣ የቦዲና የኛንጋቶም ከናይሎ ሰሃራዊ፣ አማርኛ ደግሞ ከሴማዊ ይመደባሉ። አማርኛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከምኒልክ ጦር ጋር መጣ፤ በኋላ የችሎት፣ የግብርና የገበያ ቋንቋ ሆነ። እናቷን ተከትላ ገበያ የምትወርድ ልጅ የሁለትና የሦስት ቋንቋ ቃል ይዛ ትመለስ ነበር። ማንም ቋንቋ አስተምርሻለሁ አላላትም። ሻጩ ጨው ሲሰፍር አየች፣ ስሙን ሰማች፣ ያዘችው።

ትምህርት ቤት ሲመጣ ግን ቃልና ነገር ተለያዩ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም በአማርኛ ሆነ። በቤቱ አማርኛ ያልሰማ ልጅ ፊደሉንና ቃሉን በአንድ ጊዜ መማር ነበረበት። ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ይህን ውለታ አንክድም። ዘመቻው ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎችን ሲያዳርስ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ፣ ጌዴኦኛ ተካተዋል። ከደቡብ ኦሞ ቋንቋዎች ግን አንድም አልነበረም። እናቶቻችን «እርሳስ» እና «ደብተር» ማለትን ተማሩ፤ በየቀኑ በእጃቸው የሚይዙት ነገር ስም ግን በጽሑፍ አልተገኘም።

ሚያዝያ 1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና እንዳላቸው ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ተርተን ከቋንቋ ምሁሩ ሞገስ ይገዙና ከሙርሲው ተወላጅ ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ ጋር የሙርሲኛ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ አሳተመ። ፊደል የማያውቁ እናቶችና አባቶች ለልጆቻቸው ሲነግሩት የኖሩት ቃል መጽሐፍ ሆነ።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ዛሬ ሕጉ አይከለክለንም፤ የከለከልነው ራሳችን ነን። ከተማ የገባን እናቶች «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል» እያልን በቤታችን አማርኛ ብቻ እንናገራለን። እኛም ይህን የምንጽፈው እንዲሁ አድርገን ነው። ባለፈው ዓመት እናታችን ከገጠር ሊጠይቁን መጡ። የሦስት ዓመቷ ልጅ አያቷ በአሪኛ ሲጠሯት ቀሚሳችን ውስጥ ተደበቀች። እናታችን ማታ ቡና እየጠጡ «ልጅሽ እንግዳ ሆነችብኝ» አሉን። የምንመልሰው አጣን።

ሁለት ቋንቋ ልጅን እንደማያምታታ ጥናቶች ያሳያሉ። በአንዱ ቋንቋ ብቻ ሲቆጠር ቃሉ ሊያንስ ይችላል፤ ሁለቱን ስንደምር ግን አንድ ቋንቋ ከሚናገር እኩያው አይጎድልም። አንዱን ዓምድ ብቻ ደምረን ኪሳራ ነው ማለት ለእኛ ለሂሳብ ሠራተኞች ያሳፍራል።

ስለዚህ ለእህቶቻችን አንድ ነገር እንለምናለን። ቅዳሜ ስትመጡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጠረጴዛው አጠገብ ምንጣፍ እናነጥፋለን። ትልልቅ እናቶቻችን አብረዋቸው ተቀምጠው ልጆቹ ያዩትን ነገር ሁሉ በየቋንቋቸው ይጥሩላቸው፤ በአሪኛም፣ በሐመርኛም፣ በማሊኛም ይሁን። ደጋፊዎቻችንም ስትጎበኙን እዚያ ምንጣፍ ላይ ትንሽ ተቀመጡ። የእኛ ልጅ ሁለት ቅዳሜ ተቀምጣለች፤ ለአያቷ የምትለው ሦስት ቃል አላት።