ዶክተር ሰገነት ቀለሙ፡- ከፍኖተ ሰላም እስከ ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላት

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በሞለኪውላዊ የዕፅዋት በሽታ ሳይንስ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያገኙ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1957 በጎጃም ፍኖተ ሰላም ነው። ከተማዋ ከአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ጥሊሊ ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች።

ዶክተር ሰገነት ከአካባቢያቸው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በማጠናቀቅ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ በ1979 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። በአሜሪካ ከሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ1985 ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1989 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለዋል። ለዶክትሬታቸው የሩዝ ተክልን በሚያጠቃ ባክቴሪያ ዘረመል ላይ ምርምር ካካሄዱ በኋላ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ዶክትሬት ጥናት አድርገዋል።

እ.ኤ.አ ከ1992 እስከ 2007 በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ማዕከል (ሲያት) ሠርተዋል። በዚያ ካከናወኗቸው የባዮኬሚስትሪ ሥራዎች አንዱ ክሊቶሪያ ከተባለ የመኖ ጥራጥሬ ዘር ፊኖቲን የተሰኘ አነስተኛ ፕሮቲን አጣርቶ ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ በ2004 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ፕሮቲኑ በርካታ የሰብል በሽታ አምጪ ፈንገሶችን፣ የቦሎቄ ባክቴሪያንና የቦሎቄ ነቀዝን እንደሚገታ አሳይቷል። በዱር ቦሎቄ ዘር ውስጥ የሚገኘውና የስኳር ሞለኪውል የተያያዘበት አርሴሊን የተባለ ግላይኮፕሮቲንም ነቀዝን በመከላከል ይታወቃል። ሁለቱም የዘር ፕሮቲን ጥናት ለእህል ጥበቃ ያለውን ፋይዳ ያመለክታሉ።

ሌላው ዐቢይ ሥራቸው ብራኪያሪያ የተባለውን የመኖ ሣር ይመለከታል። በሣሩ ውስጥ ሳይጎዱት የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በሽታን እንዲቋቋምና እድገቱ እንዲፋጠን እንደሚረዱት ምርምራቸው አመልክቷል። የብራኪያሪያ መገኛ አፍሪካ ቢሆንም በስፋት የለማው በደቡብ አሜሪካ ነበር። ዶክተር ሰገነት እ.ኤ.አ ከ2007 እስከ 2012 በመሩት፣ ናይሮቢ በሚገኘው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የባዮሳይንስ ማዕከል አማካይነት የተሻሻሉ ዝርያዎች በኬንያና በሩዋንዳ እንዲሞከሩ ተደርጓል።

እ.ኤ.አ ከ2013 እስከ 2023 የዓለም አቀፉ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ሥነ ምህዳር ማዕከል (ኢሲፔ) ዋና ዳይሬክተር በመሆን አገልግለዋል፤ ማዕከሉን የመሩ የመጀመሪያዋ ሴትም ናቸው። እ.ኤ.አ በ2006 የቻይና መንግሥት የወዳጅነት ሽልማት የተበረከተላቸው ሲሆን፣ በ2014 ደግሞ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሪያል-ዩኔስኮ ሽልማት አግኝተዋል።

የተመራማሪን ተፅዕኖ ለመመዘን ከሚያገለግሉ መንገዶች አንዱ ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች ዋቢ የተደረጉበትን ብዛት መቁጠር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ሂርሽ እ.ኤ.አ በ2005 ያቀረቡት ኤች-ኢንዴክስ ለዚሁ ይውላል። አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ሲኖሩትና ይህም ከፍተኛው ቁጥር ሲሆን መለኪያው 20 ይሆናል። ይሁን እንጂ የመጠቀስ ልማድ ከሙያ መስክ ሙያ መስክ ስለሚለያይ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪን ከሕክምና ተመራማሪ ጋር በዚህ ቁጥር ማነጻጸር አያስኬድም። ከዚህም በላይ መለኪያው በአርሶ አደሩ ማሳ የበቀለውን ሣር፣ በጎተራው ከነቀዝ የተረፈውን እህልና የሠለጠኑ ወጣት ተመራማሪዎችን አይቆጥርም።

በመሆኑም የተመራማሪዎችን ዕድገትና የምርምር በጀት የሚወስኑ ኃላፊዎች ስለ አንድ ሥራ ሁለት ጥያቄዎችን አጣምረው ማንሳት ይኖርባቸዋል፤ እነርሱም በማን እንደተጠቀሰና ለማን እንደጠቀመ ናቸው። የዶክተር ሰገነት የሥራ ታሪክ ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ሊያገኙ እንደሚችሉ ያሳያል።