ጸጋ የነካው ሰው ምን ያደርጋል?

ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ ወይም ደምቢ ዶሎ ገብታችሁ «ጴንጤ ማለት ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በ«አይ» ይጀምራል። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ አይጨፍርም። ስለማያደርገው ሳይሆን ስለሚያደርገው የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ነገሩ የሚገርመን ለዚህ ነው። በወለጋ ከተሞች ብዙው ወንጌላዊ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው። መካነ ኢየሱስ ደግሞ የሉተርን መንገድ የተከተለች ቤተ ክርስቲያን ናት። የሉተር ትምህርት ባጭሩ ይነገር ከተባለ፣ ሰው የሚድነው በሥራው ሳይሆን በጸጋ ነው ይላል። ታዲያ በጸጋ የጀመረ እምነት እንዴት በ«አይ» ዝርዝር የሚታወቅ ሆነ? ወጣቱስ ከዝርዝሩ ሲሸሽ የት ነው የሚደርሰው? ዛሬ ወደኋላ ሄደን ይህንን እንጠይቅ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ባሪያ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ በ1850ዎቹ የተወለደ ልጅ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ በ1870 ነፃ ወጣና የስዊድን ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ «ኦኔሲሞስ» የሚል ስም ወጣለት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው ደብዳቤ የምናገኘው ከጌታው የኮበለለው ባሪያ ስም ነው። ትርጉሙ «የሚጠቅም» ማለት ነው።

እስቲ እናስበው። ነፃ የወጣ ሰው ምን ያደርጋል? ኦኔሲሞስ ነሲብ «ከእንግዲህ የማንም አይደለሁም» ብሎ ዘና ሊል ይችል ነበር። ስዊድን ሄዶ ተምሯል፤ ሥራ አያጣም። እሱ ግን ባሪያ ሆኖ ወደ ወጣበት ሕዝብ ለመመለስ ዓመታት ለፋ። መንገዱ ሲዘጋበት ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። እንደ እሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ በቃላቱና በተረቱ፣ በዘፈኑና በንባብ መጽሐፉ ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበራት። መጽሐፉ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። በ1904 ሁለቱም ነቀምቴ ገቡ። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በደህና ተቀበሏቸው።

ሰላሙ ግን ብዙ አልቆየም። ካህናቱ «ማርያምን ይሳደባል» ብለው ከሰሱት። በ1906 አቡነ ማቴዎስ እንዲሰደድ ፈረዱበት፤ አፄ ምኒልክ ፍርዱን አላሉለትና ሳይሰብክ ነቀምቴ እንዲኖር ፈቀዱ። ልጅ ኢያሱ በ1916 ፈቃድ እስኪሰጡት ድረስ አስተማሪው ማስተማር የማይችል ሰው ሆኖ ኖረ። በ1931 ነቀምቴ ላይ ሲያርፍ ሕዝቡ «አባ ገመችስ» ይለው ነበር።

ከዚህ ሕይወት የምናነበው ነገር አለ። ነፃነቱ ሥራ አላስፈታውም፤ ሥራውም የነፃነቱ ዋጋ አልነበረም። መጀመሪያ ነፃ ወጣ፣ ከዚያ ሠራ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልን፤ ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

አሁን ወደ «አይ» ዝርዝሩ እንመለስ። ዝርዝሩ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም፤ ሲጀመር ትርጉም ነበረው። የቤቱ ገንዘብ ለአረቄ በሚያልቅበት ቤት «አይጠጣም» ማለት ለሚስትና ለልጆች እንጀራ ማለት ነው። ቃልቻውን ፈርቶ በሬና ማር ሲገብር ለኖረ ሰው «ከእንግዲህ አልሄድም» ማለት እስር ቤት ተከፍቶለት መውጣት ነው። ያ «አይ» የጸጋ ልጅ ነበር። ችግሩ የመጣው በልጅና በልጅ ልጅ ዘመን ነው። አባት ከእስር የወጣበትን በር ልጁ አጥር አድርጎ ወረሰው። ቃልቻ ቤት ሄዶ የማያውቅ ልጅ ከምን እንደወጣ ሳይነገረው ምን እንዳይነካ ብቻ ተነገረው።

ሰው ሠራሹን ሕግ ከእግዚአብሔር ሕግ መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ ቡናን ማየት ይበቃል። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ብዙው የኢትዮጵያ ክርስቲያን ቡናን የእስላምና የአረማዊ መጠጥ ነው ብሎ ይጸየፈው ነበር። በምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ የላላው። ዛሬ ቄሱም ምእመኑም ከቅዳሴ መልስ ሦስቱን ስኒ ይጠጣሉ። በሌላ በኩል የወለጋው ቡና «ለቀምት» ተብሎ በዓለም ገበያ ሲሸጥ፣ ጊምቢ ላይ ሆስፒታል ያላቸው አድቬንቲስቶች ዛሬም ቡናን አይደግፉም። ቡናው ያው ቡና ነው። ትናንት ነፍስ የሚያጠፋ የመሰለን ነገር ዛሬ ቁርሳችን ከሆነ፣ ዛሬ ሰው የምናባርርበትም ሕግ ነገ እንዲያ ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል?

ይህ ለጨዋታ ያህል ብቻ የምናነሳው አይደለም፤ ሰው የሚጎዳበት ነገር ነው። በየጉባኤው የምናውቀውን እናንሳ። አንዲት ልጅ ሳታገባ አረገዘች። ሆዷ አይደበቅምና ከመዘምራን ወጣች፣ ከቅዱስ ቁርባን ታገደች፣ በሕዝብ ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። የልጁ አባት ግን ሆዱ አይገፋምና ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አሜን ይላል። የሚታየውን ኃጢአት ብቻ የሚቀጣ ሕግ ኃጢአትን አልቀጣም፤ መታየትን ቀጣ። ሚዛን ያጭበረበረው ነጋዴና ሠራተኛውን ደመወዝ የከለከለው ሽማግሌ አንድም ቀን ታግደው አያውቁም።

ታዲያ ወጣቱ ይህንን አይቶ ምን አለ? «ሁሉ በጸጋ ነው፣ ተዉን!» አለ። የሚሰብክለትም አላጣም፤ በየከተማው ስለ ንስሐ አንድ ቃል ሳይናገር ጸጋና በረከት ብቻ የሚያውጅ ሰባኪ አለ። እኛ ግን አልሸሹም ዞር አሉ እንላለን። ሕግ አጥባቂው «ምን ያህል ባደርግ ይበቃል?» ብሎ ይቆጥራል። ልቅ የሆነውም «ምን ያህል ባደርግ ያልፍልኛል?» ብሎ ይቆጥራል። ሁለቱም ዓይናቸው ራሳቸው ላይ ነው፤ ሁለቱም ጎረቤታቸውን አላዩም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ጸጋ እንዲበዛ ኃጢአት እንሥራ ወይ የሚለውን አንስቶ ከቶ አይሆንም ብሏል። ሉተርም በ1520 ክርስቲያን የማንም ባሪያ ያልሆነ ነፃ ሰው፣ ደግሞም የሁሉ አገልጋይ ነው ብሎ ጻፈ፤ ከ1537 ጀምሮ ደግሞ «ለክርስቲያን ሕግ መስበክ አያስፈልግም» ካለው ከገዛ ወዳጁ ከአግሪኮላ ጋር ተከራከረ። በ1937 ጀርመናዊው ቦንሆፈር ዋጋ የማያስከፍለውን ጸጋ «ርካሽ ጸጋ» አለው፤ እሱ ራሱ በ1945 በናዚዎች ተሰቀለ።

«የኢትዮጵያው ቦንሆፈር» የሚባለው ሰው የወለጋ ልጅ ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1929 ቦጂ ተወለደ፤ በወጣትነቱ ነቀምቴ ሆስፒታል ሠርቷል። ከ1966 ጀምሮ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበር። በ1972 ቤተ ክርስቲያኗ ለውጭ ለጋሾች በላከችው ደብዳቤ ውስጥ የእሱ እጅ አለበት፤ ሰውን ለሥጋውና ለነፍሱ ብለን አንክፈለው የሚል ነው። ደርግ ሲያስረውና ሲፈታው ወዳጆቹ ከአገር የሚወጣበትን መንገድ አዘጋጁለት። እምቢ አለ፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አለ። በሐምሌ 1979 አዲስ አበባ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ታፍኖ ተገደለ፤ አፅሙ የተገኘው በ1992 ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። በዚያው ዘመን በወለጋ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ጸለዩ።

ጉዲና እንዲቀር ያስገደደው ሕግ አልነበረም። ቢሄድ የሚከለክል መተዳደሪያ ደንብ የለም፣ የሚያግደው ሽማግሌም የለም። ጸጋው ግን ነፃ ነህ ብሎ ፈትቶት፣ በዚያው ነፃነት ከሰው ጋር አሰረው። ያ ነው መሐሉ፤ ግማሽ ሕግና ግማሽ ልቅነት የተቀላቀሉበት መካከለኛ ቦታ አይደለም።

ጳውሎስ ስለ ኦኔሲሞስ ሲጽፍ ማዘዝ እየቻለ አላዘዘም፤ ስለ ፍቅር ለመነ። ባሪያህን እንደ ወንድም ተቀበለው፣ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው አለ። እኛም ለጉባኤዎቻችን የምንለምነው ይህንኑ ነው። ያቺን ልጅ በሕዝብ ፊት ከማቆማችሁ በፊት «ዕዳዋን በእኔ ላይ ቁጠሩት» የሚል አንድ ሽማግሌ ይገኝ። እኛ ወጣቶችም ጸጋን የስንፍናችን ምክንያት ከማድረጋችን በፊት፣ ነፃ ወጥቶ ወደ ነቀምቴ የተመለሰውን ሰው እናስታውስ።

ቸር ይግጠመን!